በ0.002 ሰከንድ ያመለጠ ዋንጫ፦ የ2006 የሞቶ ጂፒ የውድድር ዘመን እንደገና ሲታይ

ቀድሜ ልናገር፤ የጣሊያናዊው ሞተረኛ የቫለንቲኖ ሮሲ ደጋፊ ነኝ። ከዚህ በታች ስለ ተቀናቃኙ፣ ስለ አሜሪካዊው ኒኪ ሄይደን ደግ ደጉን ስናገር ካገኛችሁኝ፣ ወድጄ ሳይሆን ተገድጄ ነው።

የምገመግመው እ.ኤ.አ. የ2006ን የሞቶ ጂፒ፣ ማለትም የዓለም የሞተር ሳይክል ሻምፒዮና፣ የውድድር ዘመን ነው። 17ቱንም ውድድሮች በተራቸው፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ከቪዲዮ ማህደር አየኋቸው። ቅንጭብ አይደለም። ቀዩ መብራት ከሚጠፋበት ጀምሮ ባንዲራው እስኪውለበለብ ድረስ ነው።

አብሮኝ ያየው የእህቴ ልጅ ነው። እሱ ሞቶ ጂፒን የሚያውቀው ሞተሮቹ ክንፍ ካበቀሉ በኋላ ነው። ቅዳሜ አጭር ውድድር፣ እሁድ ዋናው ውድድር፣ ሲነሱ ወደ መሬት ዝቅ የሚሉ ሞተሮች። ገና የመጀመሪያውን ምስል እንዳየ፣ “አጎቴ፣ ክንፋቸው የት ሄደ?” አለኝ። ያኔ ክንፍ የሚባል ነገር የለም አልኩት። “እና መሬት ላይ ምን ይዟቸው ነው?” አለ።

ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አልያዛቸውም።

2006 የ990 ሲሲ ሞተሮች የመጨረሻ ዓመት ነበር። ከ2002 ጀምሮ ዋናው ምድብ የሚወዳደረው በእነዚህ ባለ አራት ምት አውሬዎች ነው። በ2007 ደንቡ ወደ 800 ሲሲ አወረዳቸው። ሆንዳ ባለ አምስት ሲሊንደር ኢንጂን ነበረው። ያማሃ አራቱን ሲሊንደር በአንድ ረድፍ ደርድሮ ነበር። ዱካቲ ደግሞ ዛሬም በሚታወቅበት በቪ ቅርጽ ነው የሚሄደው። ድምጻቸው የተለያየ ስለሆነ ዓይናችሁን ጨፍናችሁም የትኛው እንዳለፈ ትለያላችሁ። ኤሌክትሮኒክስ ነበር፤ ግን እንደ ዛሬው ሁሉን ነገር ተቆጣጥሮ አልያዘም። ከኩርባ ሲወጡ የኋላ ጎማው ሲንሸራተት በግልጽ ይታያል። ሞተሩ ወደ አንድ ጎን፣ ሞተረኛው ወደ ሌላ ጎን። አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ይቀራል። በኋላ የመጡት 800ዎቹ በኩርባ ውስጥ ፈጣን ነበሩ፤ ግን ብዙ ጊዜ ሰልፍ ይመስሉ ነበር። እዚህ ሰልፍ የለም።

ጎማውም ሌላ ጉድ ነው። ዛሬ ለሁሉም አንድ አቅራቢ ነው። ያኔ ሚሸሊንና ብሪጅስቶን ጦርነት ላይ ነበሩ። ሮሲ፣ ሄይደን፣ ፔድሮሳ፣ ሜላንድሪ የሚሸሊን ናቸው። ዱካቲ ብሪጅስቶን ነው። ሚሸሊን በአውሮፓ ውድድሮች ዓርብና ቅዳሜ የታየውን አይቶ ሌሊት አዲስ ጎማ ሠርቶ እሁድ ጠዋት ያደርስ ነበር። ይሄን ስነግረው የእህቴ ልጅ አላመነኝም። ስለዚህ አንዱ እሁድ ላይ ዱካቲ ብቻውን ሲበር፣ ሌላው እሁድ ላይ ሲያዘግም ብታዩ አትደነቁ። ጎማው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሻምፒዮኑ የሆንዳው ሄይደን ነው፤ 252 ነጥብ። የያማሃው ሮሲ ሁለተኛ፤ 247። “ለምን ታበላሽብናለህ?” የሚለኝ ይኖራል። እኔ ግን ይሄ ዘመን ውጤቱ ታውቆ ሲታይ ነው የሚጥመው ባይ ነኝ። የአምስት ነጥብ ልዩነት ነው። አምስቷ ነጥብ የት የት እንደተንጠባጠበች እያወቃችሁ ስታዩ፣ ተራ የሚመስል ስምንተኛ ደረጃ እንኳን ልብ ያንጠለጥላል። ሳታውቁ ብታዩት ግን ግማሹን ነገር ሳታስተውሉ ታልፉታላችሁ።

የመጀመሪያዋ ጠብታ ገና በመጀመሪያው ውድድር፣ በመጀመሪያው ኩርባ ነች። ስፔን፣ ሄሬዝ፣ መጋቢት ወር። ሮሲ አምስት ዓመት በተከታታይ ሻምፒዮን ሆኖ ነው የመጣው። መብራቱ ጠፋ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጠባብ ቦታ ተጎረፈ፣ ቶኒ ኤሊያስ ፍሬኑን አሳልፎ ከኋላ ገጨው። ሮሲ ተነስቶ ሞተሩን አስነስቶ 14ኛ ሆኖ ጨረሰ። ሁለት ነጥብ። ኤሊያስ የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ በጥቅምት እንደገና እንፈልገዋለን።

ያን ውድድር ያሸነፈው የዱካቲው ሎሪስ ካፒሮሲ ነው። ሁለተኛ የወጣው ዳኒ ፔድሮሳ ነው፤ በዋናው ምድብ የመጀመሪያ ውድድሩ ነበር፣ ዕድሜው 20። ሄይደን ሦስተኛ ሆነ። ከዚያ ሄይደን በኳታር ሁለተኛ፣ በኢስታንቡል ሦስተኛ፣ በሻንጋይ ሁለተኛ። የእህቴ ልጅ ትዕግሥቱ አለቀ። “ይሄ ሰውዬ መቼ ነው የሚያሸንፈው?” ቆይ አልኩት። ሰውየው አንድም ሳያሸንፍ የነጥብ ሠንጠረዡን ይመራል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ማለት ይሄ ነው። ለዓይን ምንም አስደናቂ ነገር አይሠራም። አይወድቅም፣ አይበላሽበትም፣ እሁድ በመጣ ቁጥር ነጥብ ሰብስቦ ይሄዳል።

ሮሲ በሌላ በኩል ዓለም የዞረበት ሰው ነው። የዚያ ዓመት ያማሃ በመጀመሪያዎቹ ውድድሮች በኩርባ መሀል ይንቀጠቀጥ ነበር። ያው ችግር እያለም ኳታር ላይ አሸንፏል። ከዚያ ሻንጋይ ላይ ጎማው ከዳው፣ ዜሮ። ፈረንሳይ ውስጥ ባለው የለ ማን ሜዳ ላይ እየመራ ሳለ ሞተሩ ቀጥ አለበት፣ እንደገና ዜሮ። ለ ማን ላይ ሲቆም ያለውን ምስል ማየት አልወድም። እኔ ያንን ክፍል ውሃ ልጠጣ ብዬ ተነሳሁ። የእህቴ ልጅ ሳቀብኝ።

ለ ማንን ያሸነፈው ማርኮ ሜላንድሪ ነው። ኢስታንቡልንም እሱ ነው ያሸነፈው፤ ሁለተኛ ያደረገው ደግሞ ገና በዋናው ምድብ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ የነበረ ኬሲ ስቶነር ነው። ሻንጋይን ፔድሮሳ ወሰደ፤ በዋናው ምድብ የመጀመሪያ ድሉ። እነዚህ ልጆች የሮሲን ዙፋን ሊነቀንቁ እንደመጡ ያኔውኑ ይታያል።

ሙጄሎ ላይ ሮሲ አሸነፈ። እዚያ ላይ አንድ ነገር ተፈጠረ፤ ሄይደንና ካፒሮሲ እኩል 99 ነጥብ ይዘው ሠንጠረዡን መምራት ጀመሩ። ብዙ ሰው የዚያ ዓመት ፍልሚያ የሮሲና የሄይደን ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። በሰኔ መግቢያ ላይ ካፒሮሲ ከማንም አያንስም ነበር።

ከዚያ ካታሎኒያ መጣ። ይሄን ውድድር ጠንቀቅ ብላችሁ ጀምሩ፤ የሚያስደነግጥ ነው። ከመነሻው ወደ መጀመሪያው ኩርባ ሲወርዱ የሴቴ ጂቤርናው የፊት ፍሬን እጀታ የቡድን አጋሩን የካፒሮሲን ሞተር ነካ። ፍሬኑ በራሱ ያዘ። ጂቤርናው በፊት ጎማው ላይ ተገለበጠ። ሜላንድሪም አብሮ ገባበት። ሦስቱም ወደ ሆስፒታል ሄዱ፣ ውድድሩ ቆሞ እንደገና ተጀመረ። ሮሲ አሸነፈ፣ ሄይደን ሁለተኛ። ካፒሮሲ ግን ዜሮ ይዞ ተመለሰ፤ በቀጣዮቹ ሳምንታትም እንደቆሰለ ነው የተወዳደረው። ዓመቱን በ229 ነጥብ ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ። ሦስት ውድድር አሸንፏል፤ ሻምፒዮኑ ሄይደን ያሸነፈው ሁለት ነው። ለካፒሮሲ ያዝናሁትን ያህል በዚያ ዓመት ለማንም አላዘንኩም። ለሮሲ ካዘንኩት ቀጥሎ ማለቴ ነው። ዛሬ በሞተሮቹ ላይ የፍሬን እጀታውን የሚከልል ቅስት የምታዩት እንዲህ ያለው አደጋ እንዳይደገም ነው።

አሰን። ጊዜ ኖሯችሁ አንድ ውድድር ብቻ ማየት ከቻላችሁ ይሄን እዩ ልል ነበር፤ ግን የፖርቱጋሉ ኤሽቶሪል አለ። ስለዚህ ሁለት እዩ።

አሰን ላይ ሮሲ በልምምድ ወድቆ የእጅ አንጓው ተሰብሮ ነበር። ከኋላ ተነስቶ ስምንተኛ ወጣ፤ ስምንት ነጥብ። ጥርሱን ነክሶ ነው ያመጣት። ከፊት ግን የሮሲ የቡድን አጋር ኮሊን ኤድዋርድስ እየመራ ነው። ኤድዋርድስ የቴክሳስ ሰው ነው፤ ሱፐርባይክ ላይ ሁለት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሞቶ ጂፒ ግን አንድም አላሸነፈም። ሄይደን ቀስ እያለ ደረሰበት። የመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው መታጠፊያ። ሁለቱም ፍሬን አልያዝም ተባባሉ። ሁለቱም ከመስመር ወጡ። ሄይደን ጠጠሩን እየበተነ አለፈ። ኤድዋርድስ ከአስፋልቱ ጠርዝ ያለው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ገባ፤ ጋዝ ሲሰጥ ሞተሩ ወረወረው። መስመሩ ከፊቱ ነው። በእግሩ ሊደርስ የሚችልበት ርቀት ነው።

ሄይደን አሸነፈ። ኤድዋርድስ ተነስቶ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። ከዚያም በኋላ በሞቶ ጂፒ ሳያሸንፍ ነው ጫማውን የሰቀለው። የእህቴ ልጅ ወደ ኋላ መልሶ ያንን ቦታ ደጋግሞ አየው። እኔም አልከለከልኩትም።

እዚህ ላይ ስለ ሂሳቡ አስቡ። ኤድዋርድስ ባይወድቅና ቢያሸንፍ ሄይደን የሁለተኛውን 20 ነጥብ ነው የሚያገኘው፣ የአሸናፊውን 25 አይደለም። አምስት ነጥብ። የዓመቱ ልዩነት ስንት ነበር? በቃ፣ እንዲህ ነው ይሄ ዘመን የሚያሳብደው።

ዶኒንግተንን ፔድሮሳ አሸነፈ፤ ደህና ውድድር ነው፣ ከዚያ በላይ አልልም። ዛክሰንሪንግ ግን ተነስታችሁ የምታዩት ነው። ሮሲ፣ ሜላንድሪ፣ ሄይደን፣ ፔድሮሳ፤ አራቱም በ0.307 ሰከንድ ውስጥ መስመሩን አለፉ። ጠባብ፣ ተጠማዛዥ መንገድ ነው፤ አራቱ እንደተያያዙ ይዞራሉ። ሮሲ በቁስሉ ላይ ሆኖ ያን ቀን ያሳየው አነዳድ፣ ለእኔ ከአምስቱ የዚያ ዓመት ድሎቹ ሁሉ ይበልጣል። እዚህ ላይ አልከራከርም።

ከዚያ ላጉና ሴካ። አሜሪካ፣ የሄይደን አገር። ባለፈው ዓመትም የመጀመሪያ ድሉን ያገኘው እዚሁ ነው። ደገመው። ሮሲ ደግሞ መጨረሻ አካባቢ ኢንጂኑ ተበላሽቶበት ወጣ። ሄይደን 194፣ ሮሲ 143። ሃምሳ አንድ ነጥብ። ስድስት ውድድር ነው የቀረው። ማንም ሰው በዚያን ሰዓት ዓመቱ አለቀ ነው የሚለው።

አላለቀም። ብርኖ ላይ ካፒሮሲ ብቻውን ሄደ፣ ሮሲ ሁለተኛ፣ ሄይደን ዘጠነኛ። ሴፓንግ ላይ ሮሲና ካፒሮሲ እስከ መጨረሻው ተናነቁ፣ ሮሲ አሸነፈ። ፊሊፕ አይላንድ ላይ ዝናብ መጣ፤ በሞቶ ጂፒ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተረኞች በውድድር መሀል ገብተው ሞተር ቀይረው ወጡ። ግርግሩ በጣም ደስ ይላል፤ ማን የት እንዳለ ለተወሰኑ ዙሮች ማንም አያውቅም። ሜላንድሪ አሸነፈ። ሮሲ ሦስተኛ፣ ከፊት የተነሳው ሄይደን አምስተኛ። ሞቴጊ ላይ እንደገና ካፒሮሲ፣ ሮሲ ሁለተኛ፣ ሄይደን አምስተኛ። ሃምሳ አንዱ ነጥብ ወደ አስራ ሁለት ወረደ።

ለሄይደን ፍትሐዊ ልሁን። በዚያ ዓመት ሆንዳ አዳዲስ ክፍሎችን የሚሞክረው በእሱ ሞተር ላይ ነበር። በፍሪሲዮኑ ሲሰቃይ አነሳሱ ላይ በግልጽ ይታያል። ሁሉም ይቀድመውና ከዚያ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። የኬንታኪ ልጅ ነው፤ ያደገው በአፈር ሜዳ ላይ ሞተር በማንሸራተት ነው። ለዚያ ነው 990ው የኋላ ጎማው ሲሸሽ የማይደነግጠው። በ2017 ጣሊያን ውስጥ ብስክሌት እየነዳ በመኪና ተገጭቶ በ35 ዓመቱ ሞተ። በ2019 ሞቶ ጂፒ 69 ቁጥሩን ከአገልግሎት አወጣው፤ ከእንግዲህ ማንም አይለብሰውም። ይሄን እያወቃችሁ የ2006 ፈገግታውን ስታዩት ነገሩ ይከብዳል። የሮሲ ደጋፊም ብሆን ሰው ነኝ።

እ.ኤ.አ. ጥቅምት 15፣ ኤሽቶሪል፣ ፖርቱጋል። የዓመቱ ዘውድ።

አምስተኛው ዙር ላይ ፔድሮሳ ከኋላ መጣ። የሄይደን የቡድን አጋር ነው። አንድ ዓይነት ልብስ፣ አንድ ዓይነት ሞተር። በውስጥ በኩል ሊቀድመው ገባ፣ የፊት ጎማው አመለጠው፣ ወደቀ፣ ሄይደንንም አጭዶ ይዞት ወጣ። የዓለም ሻምፒዮናውን የሚመራውን የገዛ ቡድኑን ሰው! ሄይደን ጠጠሩ ውስጥ ቆሞ በእጁ እየተወራጨ ሲጮህ ይታያል። ድምጹ አይሰማም፤ መስማትም አያስፈልግም። የእህቴ ልጅ አፉን በእጁ ያዘ። “አጎቴ፣ ይሄ ልጅ ሥራውን አጣ?” አላጣም። ሆንዳ ውስጥ እስከ 2018 ቆየ።

ሮሲ እየመራ ነው። ካሸነፈ ነገሩ ያበቃለታል ማለት ይቻላል። ከጎኑ ማን መጣ መሰላችሁ? ኤሊያስ። የሄሬዙ ኤሊያስ። የፋብሪካ ሞተር የሌለው፣ በትንሽ ቡድን ሆንዳ ላይ የተቀመጠ ልጅ። የሚያጣው ነገር የለውም፤ ስለዚህ ማንም በማይገባበት ቦታ ይገባል። የመጨረሻው ረጅም ቀኝ ኩርባ ላይ ከሮሲ ጀርባ ተለጥፎ ወጣ። ቀጥታው ላይ ጎን ለጎን ሆኑ። መስመሩን አብረው ያለፉ ይመስላሉ።

ኤሊያስ በ0.002 ሰከንድ ቀደመ። በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር ለሚበር ነገር ይሄ ወደ 14 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ስንዝር አይሞላም። ለኤሊያስ በዋናው ምድብ ያገኘው ብቸኛ ድል ነው።

አሁን እስክሪብቶ አውጡ። ሮሲ ያንን ስንዝር ቢቀድም 20 ሳይሆን 25 ያገኛል። ሌላው ሁሉ እንደነበረ ቢቀር መጨረሻ ላይ 252 ለ252 ይሆናሉ። እኩል ሲሆኑ ብዙ ያሸነፈ ይበልጣል። ሮሲ ስድስት፣ ሄይደን ሁለት። ዋንጫው የሮሲ ነበር። ይሄን ሂሳብ ያኔም ሠርቼዋለሁ፤ አሁንም ስሠራው ያው ነው፤ አንጀቴ ግን አልተስማማም።

ያም ሆኖ ከኤሽቶሪል በኋላ ሮሲ በስምንት ነጥብ መሪ ሆነ። አንድ ውድድር ቀረ። ቫሌንሲያ ላይ ከፊት አንደኛ ሆኖ ተነሳ። አነሳሱ መጥፎ ነበር፣ በሞተረኞች መሀል ተዋጠ። ቸኮለ። አምስተኛው ዙር ላይ ማንም ሳይነካው፣ ብቻውን፣ ቀስ ብሎ ወደቀ። ሮሲ! በጭንቀት ሰውን የሚያስወድቅ እንጂ ራሱ የማይወድቅ ሰው። ተነስቶ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ሦስት ነጥብ።

ሄይደን ያን ቀን ያደረገውን ልብ ብላችሁ እዩ። ከኤሽቶሪል ጠጠር ከወጣ ሁለት ሳምንቱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች በቁጣ ነው የሚነዳው። ፔድሮሳን አለፈው፤ ፔድሮሳም አልታገለውም። የሮሲን መውደቅ ካየ በኋላ ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። ሦስተኛ ቦታውን ይዞ፣ ማንንም ሳይነካ፣ ዙሮቹን ቆጥሮ ጨረሰ። ከዚያ በክብር ዙሩ ላይ በሄልሜቱ ውስጥ ሲያለቅስ ይታያል። ሮሲ መጥቶ እንኳን ደስ አለህ አለው። በዚያ ቀን እንዲህ ማድረግ ቀላል አይመስለኝም።

የሚገርመው፣ ያን ቀን ያሸነፈው ሁለቱም አይደሉም። ትሮይ ቤይሊስ ነው። 37 ዓመቱ ነው። በዚያው ዓመት የሱፐርባይክ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ ሞቶ ጂፒ ግን አልፈልግህም ብሎ አሰናብቶት ነበር። ጂቤርናው ስለቆሰለ ለአንድ ቀን ብቻ በዱካቲ ተተክቶ መጣ። መጣ፣ ከፊት ወጣ፣ አሸነፈ፣ ሄደ። ካፒሮሲ ሁለተኛ። በዓለም ሁሉ ፊት በር የዘጋበትን ቤት በአንድ ከሰዓት ጸጥ አሰኘው። በዋናው ታሪክ ስለተሸፈነ ብዙ ሰው አያስታውሰውም።

አንድ ነገር ለሮሲ ደጋፊዎች ብቻ። በ2015ም ዋንጫውን በአምስት ነጥብ ነው ያጣነው። ያውም ቫሌንሲያ ላይ። ሌላ አልናገርም።

ስለ ታናናሾቹ ምድቦች በአጭሩ። በ125 አልቫሮ ባውቲስታ፣ በ250 ሆርሄ ሎሬንዞ ሻምፒዮን ሆኑ። ገና ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ነበሩ፤ እንደ ንብ መንጋ ይጮሃሉ። የ250ው የሎሬንዞና የአንድሪያ ዶቪዚዮዞ ትንቅንቅ ደህና ነው። እኔ ግን የተወሰኑትን ብቻ ነው ያየሁት፤ ልቤ ትልቁ ምድብ ላይ ነበር።

አሁን ስለ አቀራረቡ። ምስሉ የዘመኑ ነው። በትልቅ ስክሪን ካያችሁት ይደበዝዛል፤ በመጠነኛ ስክሪን ግን ምንም አይልም። ሞተሩ ላይ የተገጠመው ካሜራ ከሞተሩ ጋር አብሮ ይጋደማል። ዛሬ የምናየው፣ አድማሱ ቀጥ ብሎ ሞተረኛው ብቻ የሚጋደምበት ምስል ገና አልመጣም ነበር። እኔ የድሮውን እወደዋለሁ፤ ሆድ ያገላብጣል፣ ግን ፍጥነቱን ያሳያል። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው መረጃ ትንሽ ነው። የጎማ ዓይነት፣ የእያንዳንዱ ዙር ክፍልፋይ፣ የፍጥነት ንጽጽር፣ እነዚህን አትጠብቁ። የእህቴ ልጅ መጀመሪያ ተቸገረ። በኋላ ግን ቁጥር ማንበቡን ትቶ ሰዎቹን ማየት ጀመረ።

የተጠቀምኩበት ማህደር ግን አንድ የሚያናድድ ነገር አለው። ውድድሩን ለመክፈት ገጹ ላይ ስትገቡ ምስሉ አሸናፊውን ከነዋንጫው ያሳያችኋል። እኔ ውጤቱን አውቃለሁ፤ ልጁ ግን የእያንዳንዱን ውድድር አሸናፊ አያውቅም ነበር። የቫሌንሲያን ገጽ ስከፍት ቤይሊስ እጁን ሰቅሎ ብቅ አለ። “ይሄ ደግሞ ማነው?” አለ። መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ ብናገር ነገሩ ይበላሻል፣ ዝም ብል ይበልጥ ይጠረጥራል። መፍትሔው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲከፍትላችሁ ማድረግ ነው። ሌላው ደግሞ ውድድሮቹን በቅደም ተከተል አይደረድራቸውም። ከብርኖ በኋላ ሴፓንግን መፈለግ የእናንተ ሥራ ነው። የውድድሮቹን ቅደም ተከተል ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተቀመጡ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ከ10 ዘጠኝ። ያነሰችው አንዷ ለሞቴጊና ለዶኒንግተን ነች። ሰባት የተለያዩ አሸናፊዎች፣ 17 ውድድር፣ የአምስት ነጥብ ልዩነት፣ እስከ መጨረሻው ቀን ያልታወቀ ዋንጫ። የዛሬው ሞቶ ጂፒ ከሁሉም አንጻር ፈጣን ነው። ሞተሮቹ ግን በጣም ከመጎበዛቸው የተነሳ፣ ከፊታቸው ያልተረበሸ አየር ካላገኙ መቅደም ይከብዳቸዋል። እዚህ ኤሊያስ በሁለተኛ ደረጃ ሞተር ሮሲን ይቀድማል። ለዚያ ነው ልጁ ከሦስተኛው ውድድር በኋላ ስለ ክንፍ መጠየቅ ያቆመው።

ለማን ይሆናል? ሞቶ ጂፒን ከሞተረኛው ከማርክ ማርኬዝ ዘመን ጀምሮ ለሚያውቅ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። ሞተር ፍጹም ለማያውቅ ሰው ግን ከዛክሰንሪንግ ጀምሩለት፤ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጊዜ ካጠራችሁ ሄሬዝ፣ ካታሎኒያ፣ አሰን፣ ዛክሰንሪንግ፣ ኤሽቶሪል፣ ቫሌንሲያ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ኤሽቶሪልንና ቫሌንሲያን አንድ ቀን ላይ አትዩ። በመሀላቸው ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩ፤ ደጋፊዎቹ ያኔ ሁለት ሳምንት ነው የጠበቁት።